ሳይሞት የተለቀሰለት

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤቷ ቴአትር ጢም ልትሥል ብላ የጠርሙስ ቡሽ በሻማ ስታቃጥል፣ ሽታው ከሳሎን ተነሥቶ እኔ ወዳለሁበት ክፍል ገባና የማጣጥፈውን ልብስ ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ለረጅም ጊዜ ሳልነሣ ቀረሁ። የተቃጠለ ቡሽ፣ ቫዝሊን፣ ላብ የነካው ዱቄት፤ አባቴ እንዲህ ይሸት ነበር። የጎረቤት ልጆች አባቶች ቤንዚን ይሸቱ ነበር፣ ትምባሆ ይሸቱ ነበር፣ እርጥብ እንጨት ይሸቱ ነበር፤ የእኔ አባት ግን ከሥራ ሲመለስ የሌላ ሰው ፊት ይሸት ነበር።

አባቴ በላይነህ ተዋናይ ነበር። ስሙን ላታስታውሱት ትችላላችሁ፣ ፊቱን ግን ታውቁታላችሁ። ዋናው ሰው ሲያንኳኳ በሩን የሚከፍተው፣ ደብዳቤውን የሚያመጣው፣ ፈረሱን የሚይዘው፣ ዳኛ ፊት ቆሞ በሐሰት ምስክርነት የሚንተባተበው እሱ ነበር። «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቶብዎታል» የምትለዋን ቃል በመድረክና በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ እንዳላት እሱም አያውቅም። ወደ ሰፈር ሲገባ ጎረምሶቹ አጥር ተደግፈው «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቶብዎታል!» ሲሉት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሣቸው ነበር። ደስ ይለው ነበር። እሱን ደስ የሚለው ነገር እኛን ምን እንደሚያደርገን ግን ዞር ብሎ አያይም ነበር። ስለ እሱ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ፤ በሬዲዮም፣ በሠርግ ቤትም፣ በታክሲም ሲተረክ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም የሚያቆሙት ሳቁ ላይ ነው። እኔ ከሳቁ በኋላ ያለውን ስለማውቅ ሙሉውን እጽፈዋለሁ፤ የሚቀየም ይቀየመኝ።

ቤታችን የካ ውስጥ፣ የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት ሥር ነበር። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት እየጠረገ በደጃችን ባለው ቦይ ያልፍ ነበር፣ እናቴም በረንዳው ላይ የእግር ስፌት መኪናዋን አስጠግታ ለመስከረም የሚደርስ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውል ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲል ፔዳሉን የምትረግጠው ቀስ ብላ፣ እየቆመች፣ ነጠላዋን ገና ባልገፋው ሆዷ ላይ እየጎተተች ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ጸንሳ ሁለቱም ወጥተውባት ስለነበር ሦስተኛውን ለጎረቤት ሳትናገር ሸሸገችው፤ ለእኔ ግን አንድ ቀን ክር ወደ መርፌ እያስገባሁላት «ጽጌ፣ ይኼኛው ከቆየልኝ ሌላ ነገር አልለምንም» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከእኔ ጋር እንደ ትልቅ ሰው ስትነጋገር ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ እኔ እቀዳ ጀመር፣ ሰፍታ የጨረሰችውንም ዩኒፎርም ተሸክሜ ወደ ሱቅ የማደርሰው እኔ ሆንኩ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ እሑድ እሑድ እትዬ ዘነበች ቤት መሄድ ጀመርን። በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከላዩ ዳንቴል ይለብሳል፣ ማን ሶፋው ላይ፣ ማን ሰሌኑ ላይ፣ ማን በሩ ጥግ እንደሚቀመጥ የሚወስኑትም እሳቸው ነበሩ። የእድሩ ሴቶች አለቃም እሳቸው ስለነበሩ ማንም አይከራከራቸውም ነበር። የተዋናይ ልጅ መሆኔ ሶፋ አላስገኘልኝም፤ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ስጠጋ «አንቺ፣ አባትሽ በር ከፋች አይደል? በሩ ጋ ሁኚ» ብለው ቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ይህን አልረሳሁትም።

በጥቅምት አንድ እሑድ አባቴ በድራማ ውስጥ ሌባ ሆኖ አጥር ሲዘል ተተኩሶበት ወደቀ፣ ተንፈራገጠና ሞተ። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለበት አልነገራትም ነበርና ጩኸት አምልጧት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ብድግ አለች። «ኧረ አስኩ፣ ባልሽ ጎንሽ ቁጭ ብሎ ቆሎ እየቆረጠመ ነው!» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ። ሆዷን የደበቀችበት ነጠላ ተገልጦ ስለነበር ሳቁ ሲያበቃ ሴቶቹ ሁሉ አወቁ። ቤት ስንገባ አልጮኸችም፤ መብራቱን አብርታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ሞትን እየጠሩ መጫወት የለም፣ በላይነህ። ሁለተኛ ሬሳ እንዳትሆን። በሆዴ ባለው ማልልኝ» አለችው። ተንበርክኮ እጁን ሆዷ ላይ ጭኖ ማለላት። መድረክ ላይ ካደረገው ሁሉ የሚያምረውን ያደረገው ያን ጊዜ ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ግን ከላይ ከኪዳነ ምሕረት አብረን ስንወርድ እጄን ያዘኝና ቁልቁለቱ ላይ አቆመኝ። አዲስ ተከታታይ ድራማ ሊሠራ ነው፤ ሀብታም አባት ይሞትና ልጆቹ በርስቱ ይጣላሉ፤ ታሪኩ ሁሉ የሚነሣው ከሰውዬው ቀብር ነው። ትልልቆቹ ተዋንያን ተጠይቀው ነበር፣ አንዳቸውም ሬሳ ለመሆን እሺ አላሉም፤ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው በቁሙ ቃሬዛ ላይ አይወጣም ብለው እምቢ አሉ። አባቴ ግን እሺ አለ። «ፊቴ ብቻ ነው የሚታየው፣ ጽጌዬ፣ ፊቴ ብቻ፣ ለረጅም ጊዜ። ስሜ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይጻፋል» አለኝ፤ ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ያበራ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ትልቅ ቦታ ሌሎቹ የተጸየፉት መሆኑ አላሳፈረውም። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ኪዳነ ምሕረትን በይ።» አልኩ። ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው መሆኔ አኩርቶኝ ቤት እስክንደርስ እየዘለልኩ ወረድኩ።

የካቲት ደረቅና ነፋሻ ነበር፣ ባሕር ዛፉም ቀኑን ሙሉ ይንሿሿ ነበር። ያን ቀን ትምህርቴ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ቤት ነበርኩ። አባቴ ገና በማለዳ ወጣ፤ እናቴ «የት ነው?» ስትለው «ወደላይ፣ ለአንድ ትንሽ ነገር» አላት፣ ሲወጣም እኔን ጠቀሰኝ። እዚያ ላይ የሆነውን እኔ ያየሁት አይደለም፤ ከጎረቤታችን ከእትዬ ጫልቱ፣ ከራሱ ከአባቴ፣ ቃሬዛውን ከተሸከመው ሰውም በየጊዜው ሰምቼ የገጣጠምኩት ነው። አዘጋጁ በጫካው መንገድ ላይ ቃሬዛውን አሰልፎ፣ ከአካባቢው ሰው ሰብስቦ ለቀስተኛ አድርጎ፣ «ካት እስክል ማንም እንዳያቋርጥ፤ የቀረኝ ፊልም ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ነው» ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። አባቴ ፊቱ ላይ ዱቄት ተነስንሶለት፣ በአፍንጫው ጥጥ ተደርጎለት፣ ፊቱ ሳይሸፈን ተጋድሞ ነበር፤ የድራማው ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያየው ተብሎ።

በዚያ መንገድ እትዬ ጫልቱ የጭራሮ ሸክማቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። ከእኛ ቤት ሁለት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ለእናቴ እንደ ታላቅ እህት የሆኑ፣ ሲደሰቱ በአማርኛ ሲናደዱ በኦሮምኛ የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ዳር ቆመው ሬሳውን ሊያሳልፉ ሲሉ ኋላ ያለችውን አልቃሽ «ማነው የሞተው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ የድራማውን ሰውዬ ስም ማን ነግሯት? ጠዋት ተዋናዩን ሲጠሩት የሰማችውን ስም፣ ልቅሶዋን ሳታቋርጥ፣ «ጋሽ በላይነህ የሚባሉ ናቸው» አለቻቸው። እትዬ ጫልቱ ሰው ገፍተው ገቡና ፊቱን አዩት። ሸክማቸውን ወረወሩት። «ወይኔ ወንድሜን! በላይነህ! ነፍሰ ጡሯን ለማን ጥለሃት?» ብለው ጮኹ፣ ከዚያም ደረታቸውን እየመቱ ቁልቁል ሮጡ። አዘጋጁ ልቅሶው በጣም ጥሩ ስለመሰለው ካሜራውን አላስቆመም።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውዬው ሳይባንን ተቀምጦ፣ ቀስ ተብሎ ነው፤ ለነፍሰ ጡርማ ጨርሶ ይደበቃል። እትዬ ጫልቱም ይህን ስለሚያውቁ ወደ እኛ ቤት አልመጡም፤ በጓሮ ዞረው እትዬ ዘነበች ጋ ገቡ። እትዬ ዘነበች አስተዋይ ሴት ቢሆኑ ኖሮ መጀመሪያ አንድ ወንድ ወደላይ ይልኩ ነበር። የላኩት ግን ወደ እድሩ ነው። ድንኳን ይውጣ፣ ጡሩምባ ይነፋ አሉ። ጡሩምባ ነፊውም የሚነግረው ሰው አጥቶ፣ የሟች ሚስት መርዶውን ሰምታለች ብሎ፣ እንደ ወጉ ከታችኛው መንገድ ጀምሮ እየነፋ ወደ እኛ መንደር ወጣ።

እናቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ሰው ሲሞት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጆሮዋን ወደ መንገዱ አዘንብላ «ማን አለ? ስሙን ሰማሽው?» አለችኝ። ሰምቼዋለሁ። ሁለታችንም ሰምተነዋል፣ እሷ ግን ያልሰማች ለመሆን ፈልጋ ነበር። እኔ ደግሞ ወደላይ ለምን እንደወጣ አውቅ ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ምላሴ ላይ ግን ኪዳነ ምሕረት ነበረች፣ ምሥጢሬም ነበረ፣ እውነት ሞቶ ከሆነስ የሚልም ነበረ። ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ጡሩምባው ሁለተኛ ሲነፋ እናቴ ባዶ እግሯን ከበረንዳው ወርዳ ወደ ዳገቱ መሮጥ ጀመረች፣ ቦዩ ጋ ስትደርስ እግሯ ከዳትና በሆዷ ተደፋች። «እማዬ፣ ትያትር ነው! አባዬ አልሞተም፣ ትያትር ነው!» ብዬ የጮኽኩት ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ አበደች ብለው ሴቶቹ ያዙኝ፤ እትዬ ዘነበች በመዳፋቸው አፌን ደፈኑኝ። እናቴን ተሸክመው ከእትዬ ጫልቱ ጋር ወደ ቤት አስገቧትና በሩን ዘጉት።

ሰው ሁሉ የሚስቅበት ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከሰዓት በኋላ አባቴ ዱቄቱ ከጆሮው ሥር ሳይለቅ ቁልቁለቱን እያፏጨ ወርዶ ደጃችን ላይ የተተከለውን ድንኳን አየና፣ የሰፈር ልቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከዳር የተቀመጠውን ሰው በሹክሹክታ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ወንበሩን ጥሎ በረረ። ሴቶች ጮኹ፣ አንዷ እልል አለች፣ ሽማግሌዎቹ አማተቡ፣ ጡሩምባ ነፊው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሳመው። «አንተ ሰውዬ፣ ድንኳኑን ለማን ደከምንበት ታዲያ? አንድ ሰው አምጣልን!» አለ የእድሩ ዳኛ፣ ድንኳኑም በሳቅ ተናወጠ። ታሪኩን የሚተርኩት ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማሉ። የቤታችን በር ተከፍቶ እትዬ ጫልቱ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ደም ሆኖ መውጣታቸውንና ሳቁ በአንድ ጊዜ መቆረጡን የሚተርክ የለም።

ወንድ ነበር። ሰባት ወር ያለፈው። እስከ ማግሥቱ ረፋድ ድረስ ቆየ፤ እናቴ ደረቷ ላይ አድርጋ በትንፋሿ ታሞቀው ነበር፣ እጁ አውራ ጣቴን የሚያክል ነበር። ቄስ እንዲመጡ ልከው ቄሱ ሳይደርሱ አረፈ። ክርስትና ላልተነሣ ጨቅላ እድር አይወጣም፤ ደንብ ነው። ስለዚህ ላልሞተ ሰው የተተከለውን ድንኳን፣ የሞተው ልጅ ቤት ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ አፈረሱት፤ ካስማው ሲነቀል፣ ወንበሩ ሲደረደር፣ ሰዎች «በል ያዝ፣ በል ሳብ» ሲባባሉ አልጋው ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ጡሩምባ አልተነፋም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ቦታ አልነበረውም። አባቴ በተረፈ የአቡጀዲ ቁራጭ ጠቅልሎት፣ አካፋ ይዞ፣ ትናንት አርባ ለቀስተኛ ተከትሎት በወጣበት መንገድ ብቻውን ወጣ። የት እንደቀበረው ለእናቴም ለእኔም አላሳየንም።

ሚያዝያ ላይ ድራማው መታየት ሲጀምር የእትዬ ዘነበች ቤት እስከ ደጅ ሞላ። እኛ አልሄድንም፣ አባቴ ግን ሄደ። እናቴ በረንዳዋ ላይ ፔዳሏን እየረገጠች ሳለ፣ በክፍቱ መስኮታቸው ከቴሌቪዥኑ የእትዬ ጫልቱ ጩኸት መጣ፤ ስሙንና «ነፍሰ ጡሯን» የሚለውን ቆርጠው አውጥተው ጩኸቱን አስቀርተውት ነበር። እናቴ እግሯን አላቆመችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ ምግቡን ስትሠራለት፣ ሸሚዙን ስታጥብለት ኖራ አንድ ቀን እንኳ በስሙ አልጠራችውም፤ «የጽጌ አባት» ትለው ነበር። ሌላ ልጅም አልጸነሰችም። ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ በቦዩ ሲወርድ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለቦዩ ሰጥታ ትሰፋ ጀመር።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራ። «ሬሳው» እያሉ ይጠቁሙት ነበር፤ ለአንድ ዓመት ያህል የሚፈለግ ሰው ሆነ፣ ከዚያ ወደ በር ከፋችነቱ ተመለሰ፣ የቪዲዮ ፊልም ሲመጣ ደግሞ የሽማግሌ አስታራቂ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቴሌቪዥን መሰናዶ ላይ በእንግድነት ጠርተውት ነበር። እኔ ወሰን ሰፈር ባለ አንድ ጸጉር ቤት ተቀምጬ ነበር የማየው። ያንኑ ታሪክ ተረከው፣ ነጠላ አዘቅዝቆ «ማን ሞቶ ነው?» ያለውን አስመስሎ አሳየ፣ ጸጉር ሠሪዎቹ ልጆች ተንከተከቱ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጎረቤቴ ስሜን ጠርታ ስትጮህ ሰማኋት። ግን ካት አልተባለም! አልተንቀሳቀስኩም!» አለ። አቅራቢው «ይህ ነው ሙያ!» ብሎ ተነሥቶ አጨበጨበ፣ አዳራሹም አጨበጨበ።

በማግሥቱ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ደጅ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። «አባዬ፣ እትዬ ጫልቱ ስምህን ብቻ አልነበረም የጠሩት» አልኩት። «አልነበረም» አለኝ። «ነፍሰ ጡሯን ሲሉ ሰምተሃል?» «ሰምቻለሁ። ብነሣ ፊልሙ ይበላሽ ነበር፤ ሌላ ሰው ያስገቡ ነበር፣ ጽጌዬ።» ሌላ ሰው ያስገቡ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያልጠየቀችው ጥያቄ መልሱ ይኼ ነበር። ልነሣ ስል እጄን ያዘኝና፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ እንደሚያስታምም ሰው «አንቺስ? አንቺስ ታውቂ አልነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም። እዚህም አልመልስም።

አምና ሞተ። ቀብሩ ላይ ካሜራዎች መጥተው ነበር፣ አንዱ ወጣት «እናቴ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ቢሉ» አለኝ። አልዞርኩም፣ አላለቀስኩም፤ በዚህ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ከመገነዙ በፊት ግን ለብቻዬ እንዲተዉኝ ጠይቄ ነበር። ጥጡን አድርገውለት ነበር። በሩ መዘጋቱን አይቼ ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩና «አባዬ፣ ነፍሰ ጡር ናት» አልኩት። ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ። አጥር ተደግፈው ይቀልዱበት የነበሩት ጎረምሶች አዛውንት ሆነው ደጅ ወንበር ይዘው ነበር፣ ዳገቱ ላይ አስፋልት ተነጥፎ ሰው ለጤናው ይሮጥበታል፣ የዚያ ልጅ ቦታም ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ የሚያውቅ ከዚያች ሰዓት ወዲያ የለም። ያኔ እየሰማ አልተነሣም። አሁን ባለመነሣቱ ግን አልወቀስኩትም፤ በሩን ከፍቼ ገናዦቹን አስገባኋቸው።